ሥሩ የማን ነው? የ1968 ምርጥ አልበሞች እንደገና ሲደመጡ

የዓመቱን ምርጥ አልበሞች የሚዘረዝር የሙዚቃ ወዳጅ ጣዕሙን ብቻ አይናገርም፤ ማን የማን ወራሽ እንደሆነም ይፈርዳል። ከሮክ ውስጥ ወደ ጥንት ሥሩ የሚመለሰውን የሚመርጥ አድማጭ የእ.ኤ.አ. 1968ን ዝርዝር ሲያወጣ ሦስት አልበሞችን እምብዛም አይዘነጋም፦ የዘ ባንድን «ሚዩዚክ ፍሮም ቢግ ፒንክ»፣ የዘ በርድስን «ስዊትኸርት ኦፍ ዘ ሮዲዮ» እና የጆኒ ካሽን «አት ፎልሰም ፕሪዝን»። ሦስቱም ይገባቸዋል። ነገር ግን «ሥር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ምን ማለት ነው?

ዘ ባንድን እንመልከት። ጊታር በሚጮህበት በዚያ ዓመት እነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሦስት ዘፋኞች ስንኝ እየተቀባበሉ፣ ኦርጋኑ ከኋላ የቤተ ክርስቲያን ዜማ እያስታወሰ፣ የአሜሪካን ደቡብ ያረጀ ታሪክ የሚተርኩ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ከአምስቱ አራቱ ካናዳውያን ናቸው፤ የደቡብ ልጅ የአርካንሶው ድራመር ሊቮን ሄልም ብቻ ነበር። ሌሎቹ ያንን ዜማ ከሮኒ ሆኪንስ ጋር በየመጠጥ ቤቱ ሲጫወቱ የተማሩት ነው።

በርድስም የሎስ አንጀለስ ልጆች ናቸው። ግራም ፓርሰንስን ይዘው ናሽቪል ወርደው ካንትሪ ቀረጹ፤ በግራንድ ኦል ኦፕሪ መድረክ ላይ ሲወጡም ታዳሚው ፊት ነሳቸው። ካሽ ደግሞ ረጅም እስራት ሳይፈረድበት የእስረኞች ድምፅ ሆነ። በፎልሰም ወህኒ ቤት በጥር 1968 በተቀረጸው አልበም ላይ፣ ዘፋኙ ሰው መግደሉን ከሚናገርበት ስንኝ በኋላ የሚሰማው ሆታ እንኳ ኋላ በስቱዲዮ የተጨመረ ነው። ይህ ግን አልበሞቹን አያሳንስም። ሥር ከእናት ማህፀን ይዘውት የሚወጡት ሳይሆን ጎንበስ ብለው የሚማሩት መሆኑን ያሳያል።

ታዲያ የታጅ ማሃል የመጀመሪያ አልበም፣ ያው የ1968ቱ፣ ስለምን ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀራል? ታጅ ማሃል በኒው ዮርክ ተወልዶ በማሳቹሴትስ ያደገ፣ በዩኒቨርሲቲ የከብት እርባታ ያጠና ሰው ነው። የስሊፒ ጆን ኤስቲስንና የብላይንድ ዊሊ ማክቴልን ብሉዝ እሱም ተምሮ ነው ያገኘው። ከዚያም በኤሌክትሪክ ጊታር አደሰው። በ«ስቴትስቦሮ ብሉዝ» ላይ የሚሰማው የጄሲ ኤድ ዴቪስ ስላይድ ጊታር ዱዌን ኦልማንን አስተማረ፤ ያው ዘፈን በ1971 የኦልማን ብራዘርስ መታወቂያ ሆነ።

እንግዲህ ካናዳውያኑ ሲማሩ «ፈጠሩ» ይባላል፤ ጥቁሩ ሙዚቀኛ ሲማር ግን «ተፈጥሮው ነው» ተብሎ ብሉዝ ወደሚባለው መደርደሪያ ይሸኛል። አድናቆቱ እውነት ቢሆንም ክፍፍሉ ልፋቱን ይሰርቀዋል፤ የአንዱን ድካም ጥበብ፣ የሌላውን ድካም ደም ያደርገዋል።

የ1968ን ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ከሦስቱ አንዱንም መሰረዝ አያስፈልገውም። «ታጅ ማሃል»ን ከ«ቢግ ፒንክ» ጎን አስቀምጦ፣ ሁለቱን በአንድ ምሽት ተራ በተራ ያድምጣቸው። ሁለቱም የተማሩትን ዜማ የራሳቸው ሲያደርጉ ይሰማል፤ አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከግርጌ ለማስቀመጥ ምክንያት ማግኘት ያኔ ይከብደዋል።