ሸንጎና መድረክ

ልደታን በመሰሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የቀበሌው አዳራሽ ሕዝቡ የሚመክርበት፣ የኪነት ቡድኑም ተውኔት የሚያሳይበት ነበር። የሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት መሪዎቻቸውን የመምረጥ፣ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ የመሰብሰብና በፍርድ ሸንጎ የመዳኘት ሥልጣን ሰጠ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ያው ቀበሌ የቀይ ሽብር ክንድ ሆነ፤ ጠያቂውም ዝም አለ።

የመድረኩ ድክመት ይህን ዝምታ እንደ ስምምነት መቁጠሩ ነበር። በተውኔቶቹ ሕዝቡ ያጨበጭባል እንጂ አይጠይቅም፤ ግጭት የሌለው ተውኔት ደግሞ ከመፈክር አያልፍም። በአንጻሩ በዕድር ጉባኤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ያሰማል፤ አንዲት አባልም ተነሥታ «የቀረውስ የት ደረሰ?» ትላለች። ሥልጣን ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው በዚህ ጥያቄ ነውና ጸሐፌ ተውኔቱ ይህችን ሴት ወደ መድረኩ ሊያወጣት ይገባል።