የጎራዴ ጀርባ

ጎራዴ በአንበሳ አይገዛም። ገዢው ብረቱን ከሰገባው መዝዞ፣ ዘውድ የጫነውን አንበሳ ሲያይ ዐይኑ ይበራል፤ «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን በጣቱ እየተከተለ ያነብና «ይሄማ የምኒልክ ነው!» ይላል። ሻጩ ዝም ነው። ምን ብሎ ይናገር? ገዢው ራሱ ዋጋውን እየሰቀለለት! አንበሳው በአሲድ የሚሳል ነገር ነው፤ ድሮም በአሲድ ነበር፣ ዛሬም በአሲድ ነው። ደብዛዛ አንበሳ ያለው ድንቅ ጎራዴ አይቻለሁ፤ አንበሳው ሊያገሳ የደረሰ የሚመስል የማይረባ ብረትም አይቻለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ ገዢው ብቻ አይደለም። አጠገቡ ቆሞ የሚሰማው የሱቅ ልጅ ሙያ የተማረ እየመሰለው ያንኑ ወሬ ይዞ ያድጋል።

ዝገት የበላውን፣ ስንጥቅ ያለበትን፣ እጀታው የሚወዛወዘውን አትግዛ ብዬ ወረቀት አላባክንም። ይህን የማያይ ሰው ጎራዴ ሳይሆን መነጽር ይግዛ። ስለ ሰገባውም ብዙ አልልም፤ ቆዳ ያረጃል፣ ይቀየራል፣ በአዲስ ቀይ ከፈይ ይለበጣል። የአውራሪስ ቀንዱ እጀታም ከአንዱ ብረት ወጥቶ ለሌላው ይገባል። ዋናው ብረቱ ነው፤ ከብረቱም ጀርባው።

ስለቱን ወደ መሬት፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገህ ያዝ። አሁን ከላይ ቁልቁል ተመልከት፤ ጎኑን እርሳው፣ ሥዕሉን እርሳው። ጀርባው ከእጀታው ሥር ወፍሮ ይነሳና ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል? ወይስ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው? አንድ ዓይነት ከሆነ ወደ ሰገባው መልሰው፣ ለሻጩም አመስግነህ ስጠው። ሕጉ ይኸው ነው፤ እኔ ዘንድ ይግባኝ የለውም።

ከጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ለኢትዮጵያ ተሠርተው የመጡት የቀድሞ ጎራዴዎች በአውሮፓ ፈረሰኛ ሰይፍ ልክ የተቀጠቀጡ ናቸው። ደህናውን ወስደህ በካሊፐር ብትለካው ሥሩ ላይ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ታገኛለህ፤ ጫፉ አካባቢ 2 ወይም 3 ይቀራል። መሳሳቱ ለውበት የመጣ አይደለም። ክብደቱ ወደ እጅ ሲሰበሰብ ጫፉ ይቀላል፣ ባለቤቱም ሰንዝሮ ሳይጨርስ ሊመልሰው ይችላል። እኩል ውፍረት ያለው ብረት ግን ጫፉ ይጎትታል። አንዴ ከሰነዘርከው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ እንጂ አንተ አይደለህም፤ ክንድህ እስኪመለስ ድረስም ደረትህ ክፍት ነው። በጦር ሜዳ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነበር። ግድግዳ ላይ ለሚሰቅለው ሰው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የተበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

እኩል የሆነው ጀርባ ከየት መጣ ካልክ፣ ከባሌስትራ። የመኪና ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፣ ስሙን አላጠፋም፤ ጥሩ ቢላዋና ጥሩ ማጭድ ይወጣዋል። ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ውፍረቱ በአብዛኛው እኩል ነው። ሠሪው በግራይንደር ቅርጹን ቆርጦ፣ አንድ ጎኑን አሹሎ፣ አንበሳ ስሎ ይሸጠዋል። እያጋለ በመዶሻ ማሳሳት የብዙ ሰዓት ድካም ነውና ማንም አይነካውም። ገዢው ጀርባውን ካላየ ማን ይደክማል? ሌላው ደግሞ በአሲድና በጨው ዝገት እያበቀለ «ከመቃብር የወጣ» ይለዋል። ዝገት የፈለገውን ያህል ይብቀል፤ ያልሳሳ ጀርባ በዝገት አይሳሳም።

ጎኑ ላይ በርዝመቱ የተቦረቦረውን ቦይ «የደም መውረጃ» ሲሉ ብትሰማ ሳቅህን ዋጥ አድርግ። ቦዩ ብረቱን ጥንካሬውን ሳይቀንስ ለማቅለል ነው፤ ከደም ጋር አንዳች ጉዳይ የለውም። እሱም ቢሆን የጀርባው ታናሽ ወንድም ነውና እኩል ጀርባ ላይ የተቦረቦረ ቦይ ካየህ ልትታለል ነው ማለት ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ይቀጠቅጡ የነበሩ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ሽማግሌ ናቸው። ወናፉን ልጃቸው ይነፋል፤ እሳቸው መስፉ አጠገብ ተቀምጠው ብረት ሲቀበሉ ዐይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ጀርባው ላይ ቆንጠጥ አድርገው ከሥሩ እስከ ጫፉ ይጎትቱና፣ ጣቶቻቸው እየተቀራረቡ ካልሄዱ «ይሄ ተቆርጧል እንጂ አልተቀጠቀጠም» ብለው ይመልሱታል። አንድ ቀን አንድ ባላባት የአባቱን ሰይፍ ሊያስስል ይዞ መጣ። ሽማግሌው ጀርባውን ዳሰው በረጅሙ ተነፈሱ፤ ሠሪውን ለይተውት ነበር፣ የአያታቸው እጅ ነው። ባላባቱ ግን ከደጅ ሆኖ ነው ያወራቸው፤ ቡዳ ይበላኛል ብሎ ከቤታቸው ውሃ አልቀመሰም። በዚህች አገር ሰይፍ የታጠቀው ሲከበር ሰይፉን የሠራው ሲናቅ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ጥሩ ብረት ጠፋ ብሎ ማልቀስ ምን ይሉታል? ሽማግሌው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። መዶሻቸውን ይዘው ይሁን ትተው አላውቅም፤ እጃቸውን ግን ይዘውት ሄደዋል።

ሾተልን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ቅስቱን ነው። ቅስቱ በጋሻ ዞሮ እንዲወጋ የታሰበ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሁለት ስለት ስላለው እንደ ጎራዴ ያለ ጀርባ የለውም። ሕጉ ግን ያው ነው፤ መሐሉ ላይ ከፍ ያለውን መስመር በጣትህ ተከተል። ቅስቱ እየጠበቀ ሲሄድ መስመሩም ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ካልሆነ ያን የሚያህል ቆልማማ ብረት በዚያች ትንሽ እጀታ ማን ሊመልሰው?

ጠመንጃም ከዚህ አያመልጥም። አሮጌ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ቆመህ ጠብቀኝ የሚባለውን ዓይነት፣ ሲያመጡልህ የሰደፉን ናስና ጌጡን አትይ። ብረቱን በእጅህ ቀለበት ጨብጠህ ከቃታው አካባቢ ወደ አፈሙዙ ውሰደው። ባሩዱ የሚነድደው ሥሩ ላይ ነው፤ ግፊቱ የሚበረታው እዚያ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲሮጥ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሙያ የሚያውቅ ሠሪ ሥሩን አወፍሮ አፈሙዙን ያሳሳል። ከሥር እስከ አፍ እኩል ከሆነ በእጅህ የያዝከው የውሃ ቧንቧ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠመንጃ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ የእጃቸው ሁለት ጣት ጎድሎ ነበር። «የቧንቧ ነው» ይሉ ነበር ሲጠየቁ፣ ሌላ ቃል አይጨምሩም።

ጎራዴና ሾተል እንዴት እንደወደቁም ከጠመንጃው ታሪክ ይነበባል። በክር እሳት የሚለኮሰው ነፍጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከግራኝ አሕመድ ቱርኮችና ከ400ዎቹ ፖርቱጋሎች ጋር መጥቶ ዕጣ ሲወስን፣ ሰይፍ አልተባረረም። አንዱን ተኩሶ ሌላውን እስኪያጎርስ ድረስ ነፍጠኛው ባዶ እጁን ነው፤ ያችን ክፍተት የምትሞላው ሰይፍ ነበረች። ክፍተቷ የተዘጋችው በኋላው በኩል የሚጎርስ ጠመንጃ ሲመጣ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ የጦር መሪ ፊታውራሪ ገብርዬ መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ሲወድቁ፣ ወታደራቸው በአፈሙዙ የሚያጎርሰው ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ የእንግሊዙ ወታደር በኋላው የሚጎርሰውን ሰናድር ይዞ በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩሳል። ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዞቹ ቆስለው የሞቱት 2 ናቸው። ጎራዴ መምዘዣ ርቀት ላይ የደረሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ አገሩ ተማረ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፆች ረሚንግተን ተማረከ፣ ቀጥሎም ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ገባ። አውሮፓም ያረጀባትን ጠመንጃ ሁሉ ወደዚህ ታራግፍ ጀመር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው 2000 ያህል ጠመንጃ እዚያ ዘመኑ ያለፈበት ነበር። (እሱም ቢሆን አላተረፈም፤ የጠመንጃ ነጋዴ ሲከስር ማየት ደስ ይለኛል።) ዓድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ጎራዴ ተመዟል። ግን የተመዘዘው ጠመንጃው ሥራውን ከሠራ በኋላ፣ መስመር ሲሰበርና ሰው ከሰው ሲደባለቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በእጄ ያለፉት ጎራዴዎች ይነግሩኛል። የቀድሞዎቹ ጀርባቸው ይሳሳል። የግብር አዳራሽና የሰልፍ ልብስ ማሟያ የሆኑት ኋለኞቹ አንበሳቸው እየተዋበ ጀርባቸው እኩል እየሆነ ሄዷል፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ስለት ወጥቶላቸው አያውቅም። ሠሪው ማንም እንደማይሰነዝረው ገብቶታል። በማይጨው ጦርነት ጊዜ ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲወርድ በተዋጊዎቹ ወገብ ላይ የነበረው ጎራዴ የትኛው ዓይነት እንደነበር ሳስብ ያመኛል።

ለዓድዋ በዓል ወጣቶች ከላሜራ የተቆረጠ ጎራዴ ታጥቀው ሲወጡ አልቆጣም፤ ልብስ ነው፣ ልብስ መሆኑንም ያውቃሉ። በግራ ጎን መታጠቃቸውን ግን አልወድም። የድሮው ሰው ሰይፉን በቀኝ ነበር የሚታጠቀው፤ ግራው የጋሻ ነው።

ከዋሺንግተን ለዕረፍት መጥታችሁ ለሳሎናችሁ ጎራዴ የምትፈልጉ ደግሞ ሁለት ነገር ያዙ። ጥንታዊ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ ነውና እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ሊወረስባችሁ ይችላል። ሻጩ «ችግር የለውም» ይላችኋል። ሱቁ ውስጥ ምንም ችግር የለውም፤ ካሊፐር ይዛችሁ ግቡ፣ አንበሳውንም በእጃችሁ ሸፍኑት።