ሦስት የኛ፣ አሥራ ሁለት የሰው

ወዳጄ የአርሰናል ሰው ነው። መስከረም 2017 ዓ.ም. የሲቲው ሃላንድ አርሰናል ላይ ሲያገባ ግን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ለካ በፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲው ካፒቴን ያደረገው እሱን ኖሯል፤ የካፒቴን ነጥብ እጥፍ ነው!

መቼም ሕጉም ይገፋፋል። በምናብ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይዘህ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፤ ከአንድ ክለብ ግን ከ3 በላይ አይፈቀድም። የቱንም ያህል ታማኝ ብትሆን 12ቱ የሰው ናቸው። ማሸነፍ ከፈለግህማ ፍቅርህን ትተህ ዋጋና መርሐ ግብር ማየት ነው። ይሁን።

እኔን ያልተዋጠልኝ ነጥብ አሰጣጡ ነው። ለአጥቂ ጎል 4፣ ላቀበለው 3። ከዚያ በፊት ተከላካዮቹን የበተነችው ኳስስ? በራሷ ምንም የላትም። (ሳስተምር፣ ልቦለዱን ሳያነብ ስንት ሰው እንደሞተ ብቻ የሚነግረኝ ተማሪ ነበረኝ።) ወዳጄም አሁን «ጨዋታው እንዴት ነበር?» ስለው «57» ይለኛል።