ስለ ዐሥሩ ደናግል ዘይት፤ «ለየራስ ብቻ» የሚለውን ትርጓሜ ስለ መመርመር

በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ከቍጥር 1 እስከ 13 የተጻፈውን የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ እየተረጐሙ ስለ ዕለተ ምጽአት የሚያስተምሩ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ፥ ልባሞቹ ደናግል ዘይታቸውን ለሰነፎቹ አናካፍልም ማለታቸውን ይዘው፥ እንግዲህ የመጨረሻው ዘመን ሲቀርብ ክርስቲያን ሁሉ የራሱን ብቻ ይያዝ፤ ከጎረቤቱ ይለይ፤ ለነፍሱም ለሥጋውም የሚሆነውን ለብቻው ያዘጋጅ ይላሉ። ይህን ቃል ሰምተው ከማኅበራቸው የወጡ፥ እህላቸውን ለክፉ ቀን ነው ብለው በጎተራ የዘጉ፥ የሚጦሯቸውን ሽማግሌዎች ጥለው ወደ ሌላ ስፍራ የሄዱ አሉ። ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለምና ትርጓሜውን መመርመር ተገባ።

አስቀድሞ እውነት ያለበትን ክፍል እንቀበል። በፍርድ ቀን ሰው ሁሉ ስለ ራሱ ይጠየቃል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም በ18ኛው ምዕራፍ ይህን አስረድቷል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ በቍጥር 5 ሰው ሁሉ የገዛ ራሱን ሸክም እንደሚሸከም ተናግሯል። ነገር ግን ይኸው ሐዋርያ ጥቂት ቀደም ብሎ በቍጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም አዝዟል፤ የክርስቶስም ሕግ የሚፈጸመው በዚህ እንደ ሆነ ጨምሮ ነግሯል። ሁለቱ ቃሎች እንደ ምን ይስማማሉ ቢሉ፥ በፍርድ ወንበር ፊት ከምንጠየቅበት ሸክም አንዱ የወንድማችንን ሸክም መሸከማችንና አለመሸከማችን ነውና ይስማማሉ። ቍጥር 5ን ይዞ ቍጥር 2ን የተወ ሰው ከመጽሐፉ የወሰደው ለልቡ የተመቸውን ነው።

ወደ ምሳሌው እንመለስ። ዘይት የተባለው ምንድር ነው? ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት ድርሳኑ፥ ዘይቱ ለችግረኛ የሚደረግ ምጽዋት፥ የሚሸጡትም ድሆች እንደ ሆኑ ያስተምራል። ይህ ትርጓሜ ከሩቅ ተስቦ የመጣ አይደለም። ምዕራፉ ራሱ ከቍጥር 31 ጀምሮ የሰው ልጅ በክብሩ በመጣ ጊዜ በቀኝና በግራ የሚቆሙት በምን እንደሚለዩ ይናገራል፤ የተራበውን በማብላት፥ የተጠማውን በማጠጣት፥ እንግዳ በመቀበል፥ የታረዘውን በማልበስ፥ የታመመውንና የታሰረውን በመጠየቅ ነው። ሰነፎቹም ደናግል እንደ ነበሩ አንባቢ ሆይ ልብ በል። ድንግልናን የሚያህል ከባድ ገድል ፈጽመው ሳሉ በቀላሉ ነገር ወደቁ። አፈ ወርቅ አጥብቆ የሚገሥጻቸው ስለዚህ ነው፤ ብርቱውን ጠላት፥ የሥጋን ፈቃድ፥ ድል ነሥተው ለደካማው፥ ለገንዘብ ፍቅር፥ እጃቸውን ሰጥተዋልና።

ዘይቱ ምጽዋት፥ ሻጮቹም ነዳያን ከሆኑ፥ «ለየራስ ብቻ» የሚለው ትርጓሜ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። በሌሊት ሊካፈል የማይቻለው ዘይት፥ ቀን ሳለ በመካፈል የተገኘ ነው። ልባሞቹ ለባልንጀሮቻቸው ሊያበድሩት ያልቻሉት፥ አስቀድመው ለነዳያን ሰጥተውት ስለ ነበረ ነው። ከሰው ተለይቶ የተቀመጠ ሰው ከማን ይገዛዋል? ድኻውን ከደጁ ያራቀ ሻጩን አራቀ፤ ገበያ ወደሌለበት ምድረ በዳ ገንዘቡን ተሸክሞ እንደ ሄደ ሰው ነው።

ጊዜውንም መለየት ያስፈልጋል። አናካፍልም የተባለው በእኩለ ሌሊት የሙሽራው መምጣት በጩኸት ከተሰማ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሙሽራው ዘግይቶ ነበር፤ በዘገየበትም ጊዜ ዐሥሩም አንቀላፍተዋል። ልባሞቹም ጭምር አንቀላፍተዋል፤ እንቅልፉ ሞት ነውና አያስነቅፋቸውም። እነዚህ መምህራን ከጩኸቱ በኋላ የተነገረውን ቃል ከጩኸቱ በፊት ላለው ዘመን ሕግ አደረጉት። በጉባኤ ቤት የተማረ ሰው «አንድም» ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ትርጓሜ ማምጣት እንደሚችል እናውቃለን፤ ነገር ግን «አንድም» ምሥጢሩን ማስፊያ እንጂ ንባቡን ማፍረሻ አይደለም።

ዘመኑ አልቋል ለማለት ስምንተኛውን ሺህ ይጠቅሳሉ። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለም የሚገኘው በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 በመጨመር ነው። እንግዲህ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓመተ ምሕረት፥ ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ጊዜ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ከ500 ዓመት የሚበልጥ ዘመን ሁሉ ስምንተኛው ሺህ ነው። አባቶቻችንም በዚሁ በስምንተኛው ሺህ ውስጥ አርሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያን አንጸዋል፤ የማኅበራቸውን ጽዋ ጠጥተዋል፤ ሙታናቸውን በአንድነት ቀብረዋል። ከዘመን ቍጥር ተነሥቶ ከጎረቤት መለየትን ያመጣ ሰው ቍጥሩን ያልተማረ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በቀድሞ ዘመንም ደርሷል። በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮም የነበረው አቡሊዲስ የዳንኤልን ትንቢት በተረጐመበት መጽሐፍ ሁለት ታሪክ ጽፏል። በሶርያ የነበረ አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ብዙ ምእመናንን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ክርስቶስን እንቀበል ብሎ ወደ ምድረ በዳ አወጣቸው። በተራራ ለተራራ ሲንከራተቱ የአገሩ ገዥ ሽፍቶች መስለውት ሊያስፈጃቸው ነበረ፤ ሚስቱ ክርስቲያን ስለ ነበረች ለምና ቍጣውን አበረደችው። በጳንጦስ የነበረው ሌላው አለቃ ደግሞ ትሑትና እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ሳለ ከመጻሕፍት ይልቅ ሕልሙን አምኖ፥ ፍርድ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሆናል አለ። ሰሚዎቹ እርሻቸውን ተዉ፤ አብዛኞቹም ገንዘባቸውን ሸጡ። ዓመቱ ሲያልፍ ምንም አልሆነም፤ አለቃው አፈረ፤ ደናግሉ አገቡ፤ ወንዶቹ ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ ገንዘባቸውን በችኮላ የሸጡት ግን ሲለምኑ ተገኙ።

እነዚህ ሰዎች ለየብቻቸው አልሄዱም፤ በማኅበር ሆነው ነው የሳቱት። ስለዚህ መሰብሰብ ብቻውን ዝግጅት ነው ብሎ የሚያስተምርም ቢኖር እንደ ፊተኞቹ ይሳሳታል። የጳንጦስ ሰዎች ገንዘባቸውን ሸጡ፤ በኢየሩሳሌም የነበሩ ምእመናንም በሐዋርያት ሥራ በ4ኛው ምዕራፍ በቍጥር 34 እንደ ተጻፈ መሬታቸውንና ቤታቸውን ሸጡ። ሥራው አንድ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የጳንጦሶቹ የሸጡት ገንዘቡ ከእንግዲህ ወዲህ አይረባንም ብለው ነው፤ የኢየሩሳሌሞቹ የሸጡት በመካከላቸው የተቸገረ ሰው እንዳይኖር ነው። የእነዚያ ዓይን በቀኑ ላይ ነበረ፤ የእነዚህ ዓይን በወንድማቸው ላይ ነበረ።

ዳግመኛ በ11ኛው ምዕራፍ ከቍጥር 27 ጀምሮ ያለውን ተመልከት። አጋቦስ የተባለ ነቢይ ወደ አንጾኪያ ወርዶ ታላቅ ረኀብ እንደሚመጣ በመንፈስ ተናገረ፤ ይህም በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ሆነ። የአንጾኪያ ክርስቲያኖች ይህን ሲሰሙ ምን አደረጉ? እህል በየቤታቸው መክተት ይችሉ ነበር፤ ትንቢቱ የታመነ ነበርና ማንም ሞኝ ባላላቸውም። እነርሱ ግን እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች እርዳታ ላኩ፤ አድራሾቹም በርናባስና ሳውል ነበሩ። ክፉ ቀን ይመጣል የሚል ቃል እውነተኛ በሆነበት ጊዜ እንኳ የቤተ ክርስቲያን ዝግጅት መዋጮ ሆነ። ጎተራ ዝጉ የሚሉት መምህራን ይህን ምዕራፍ ሲጠቅሱ አልሰማሁም።

በተሰሎንቄም ቀኑ ደርሷል ብለው ሥራ የፈቱ ነበሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ በጸጥታ ሠርተው የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክትም በ10ኛው ምዕራፍ በቍጥር 24ና 25፥ ቀኑ ሲቀርብ መሰብሰብን እንዳንተው፥ ይልቁንም አብልጠን እንድናደርገው ታዝዟል፤ የመሰብሰቡም ምክንያት ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እርስ በርስ መነቃቃት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ደግሞ በመጀመሪያ መልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ የነገር ሁሉ ፍጻሜ መቅረቡን ከተናገረ በኋላ ያዘዘው ለጸሎት መንቃትን፥ እርስ በርስ መዋደድንና ያለ ማንጐራጐር እንግዳ መቀበልን ነው። ፍጻሜው ቀርቧልና በራችሁን ዝጉ ሲባል በሰማንበት ዘመን፥ ሐዋርያው በዚያው ምክንያት በራችሁን ክፈቱ ማለቱ ነው። ለእንግዳ እግር ማጠብና ማደሪያ መስጠት በአገራችን የታወቀ ልማድ ነው፤ ልማድ ስለ ሆነም ለዕለተ ምጽአት መዘጋጀት መሆኑ ይዘነጋል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ሰነፎቹ ሊገዙ ሄደው ሙሽራው እንደ መጣ ወንጌሉ በቍጥር 10 ይናገራል፤ በቍጥር 11 ደግሞ ኋላ መጥተው ደጁን እንደ ለመኑ ይናገራል። ዘይቱን አግኝተው መጡን ወይስ ባዶ እጃቸውን? መጽሐፉ አልገለጠውም። ለእኔ ግን ዝምታው ትርጉም ያለው ይመስለኛል፤ በዚያች ሰዓት ገዝተው ቢመጡም እንኳ ሻጮቹ የነበሩበት ቀን አልፏልና፥ መብራታቸውን ማንም አልጠየቃቸውም፤ የተመለሰላቸው አላውቃችሁም የሚል ብቻ ነው።