በጨለማው አዳራሽ ለማን አጨበጨብን?

በአውሮራ ከተማ፣ አገሬው በብዛት በሰፈረበት በኮልፋክስና በሀቫና ጎዳናዎች አካባቢ፣ የማኅበራችን አባላት ቡና ከበው በተቀመጡ ቁጥር ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ከአንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ይኸውም የልጅነት ሲኒማ ነው። አንዱ የአምባሳደርን ሰልፍ፣ ሌላው የሲኒማ ኢትዮጵያን የእሑድ ግፊያ፣ ሦስተኛው በመርካቶ፣ በራስ ሲኒማ ያለቀሰበትን የሕንድ ፊልም ያነሣል። ወጣቶቹ ደግሞ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ በአግዳሚ ላይ ተጣበን ያየነውን ራምቦ እናነሣለን። እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ ሰፊ ክፍል ከፈረሰ ወዲህ ይህ ጨዋታ የለቅሶ ቤት ድምፅ ይዟል። ተመልሶ የሚያየው ሰፈር የሌለው ስደተኛ ትዝታውን እንደ ርስት ቢይዝ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ትዝታ ስለሆነ ብቻ ከሂስ የሚያመልጥ ነገር የለም። የቀደመው ትውልድ በአዲስ አበባ ከተከፈቱት የመጀመሪያ ሲኒማ ቤቶች አንዱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ እኛ ደግሞ ሲኒማ ቤቱን ገነት አድርገነዋል። ሁለቱም ፍርዶች ቤቱን እንጂ በውስጡ የሚታየውን አይመረምሩም። መሠረታዊው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ በዚያ ጨለማ አዳራሽ ለማን አጨበጨብን? በማንስ ሞት ደስ አለን?

ይህን ጥያቄ በራሱ ላይ በግልጽ ያነሣው ኃይሌ ገሪማ ነው። በጎንደር ያደገው ይህ የፊልም ሰው፣ በልጅነቱ ከእኩዮቹ ጋር ታርዛንን ሲያይ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ነጩን ጀግና ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደነበር፣ የካውቦይ ጨዋታ ሲጫወቱም ቀይ ሕንዶች እንዲያሸንፉ የሚመኝ እንዳልነበረ ተናግሯል።

የእኛም ትውልድ ታሪክ ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሁለተኛው የራምቦ ፊልም አንድ አሜሪካዊ በቪየትናም ምድር ብቻውን ሠራዊት ይደመስሳል። የሚወድቁት ወታደሮች ስም የላቸውም፤ የሚያለቅስላቸው እናት አይታይም። እኛ ግን በወደቁ ቁጥር አጨበጨብን። ከእኛ በፊት በውጭ አገር ይማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቪየትናምን ጦርነት ተቃውመው ድምፃቸውን አሰምተው ነበር። አባቶች በአደባባይ ያወገዙትን ጦርነት ልጆች በቪዲዮ ቤት ከፍለው ገብተው አሞገሱት። በዚህ መሐል ምን እንደ ተቋረጠ መጠየቅ የማኅበራችን ግዴታ ነው።

ዕጣው የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አይካድም። ዛሬ ያረጁ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በየሳምንቱ ይወጣ የነበረውን የማርቭል ሥዕላዊ መጽሔት ይናፍቃሉ። መጽሔቱ የአሜሪካ ጀግኖች ታሪክ ዳግም ኅትመት ነበር፤ በአሜሪካ በቀለም የወጣው ሥዕል በአብዛኛው ቀለሙ ተገፎ ቀረበላቸው፤ ልጆቹም የራሳቸው አደረጉት። ልዩነቱ፣ የእንግሊዙ ልጅ በገጹ ላይ የሚመስለውን ከጀግናው ወገን ሲያገኝ፣ እኛ የሚመስሉንን ያገኘነው ከጀግናው ጥይት ፊት መሆኑ ነው።

ስለ ጀግና ስናወራ የምንኖርበትን ከተማ መርሳት አይገባንም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2012፣ እዚሁ አውሮራ፣ የባትማንን ፊልም በእኩለ ሌሊት ለማየት በገቡ ሰዎች ላይ አንድ ታጣቂ ተኩስ ከፍቶ 12 ሰዎች ገደለ። ከሟቾቹ መካከል አጠገባቸው የነበሩትን በገላቸው የሸፈኑ ነበሩ። ከሸራው ወርዶ ያዳነ ጀግና አልነበረም፤ ጀግኖቹ ትኬት ቆርጠው ከተመልካቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። በከተማው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ የቆመላቸው መታሰቢያም የ83 ወፎች መንጋ እንጂ ካባ የለበሰ አንድ ሰው አይደለም።

ናፍቆት ወደ ሥራ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኃይሌ ገሪማ እንመለስ። ለታርዛን የጮኸው ልጅ አድጎ በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ሸራውን ለገበሬው ፊትና ድካም ሰጠ። በ«ጤዛ» (2008) ደግሞ በጀርመን ተምሮ የተመለሰውን አንበርብርን፣ ማለት እኛን፣ ወደ ልጅነት መንደሩ ይወስደዋል። ፊልሙ ትዝታውን አይነጥቀውም፤ እንዲደበቅበት ግን አይፈቅድለትም። በሚናፍቀው መንደር ወጣቶች ለጦርነት እየታፈሱ ነው። ምሁሩ በመጨረሻ ቦታውን የሚያገኘው በመንደሩ ልጆች ፊት፣ በመምህርነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» የተባለ ሥዕላዊ መጽሐፍ ኢትዮጵያዊ ጀግና አቅርቦልናል። ደስ ብሎን እንቀበለዋለን፤ እዚህ ለሚወለዱትም ልጆች እንገዛለን። ነገር ግን የጀግናው ፊት መለወጡ ብቻ አይበቃም። አንድ ሰው ብቻውን ሁሉን የሚያድንበት ተረት ሳይመረመር ካለፈ፣ በእኛ ፊት የወጣ ዳግም ኅትመት ሆኖ ይቀራል። በፖለቲካችንም አዳኝ ከላይ እንዲወርድልን መጠበቅ የቆየ ልማዳችን ነው። ለመጣው ሁሉ አጨብጭበናል፤ ከጨለማው ስንወጣም የወደቁትን ለመቁጠር ዘግይተናል።

እንግዲህ ትዝታችንን እንጣል አንልም። ሕንጻው በፈረሰበት ጊዜ የቀረን ምስክር እርሱ ብቻ ነውና፣ ምስክርነቱ ቀና ይሁን እንላለን። በሚመጣው ስብሰባችን እያንዳንዱ አባል የሚወደውን አንድ የልጅነት ፊልም እንደገና አይቶ ይምጣ፤ የጀግናውን ስም ትቶም በፊልሙ ውስጥ ስም ሳይሰጣቸው ስለ ሞቱት አንድ ገጽ ጽፎ ያንብብልን።