ስለ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ንባብ

ገላውዴዎስ ገድለ ወለተ ጴጥሮስን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672 ነው። ቅድስቲቱ ባሏን ትታ መነነች፤ ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሉትን የካቶሊክ ሃይማኖት ተቃወመች፤ ከእኅተ ክርስቶስም ጋራ እስከ ዕለተ ሞቷ ኖረች። ገድሉ ሁለቱ ገና ሲተያዩ መዋደዳቸውን ይናገራል።

መጽሐፉን ከሚካኤል ክላይነር ጋራ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ዌንዲ ቤልቸር ይህን ፍቅር እንደ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር አነበቡት። ይርጋ ገላው ወልደየስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ንባቡን የቅኝ ገዥ አስተሳሰብ ያለበት ነው ሲሉ ነቀፉ።

በእኔ አስተያየት ገድሉ ያልሰጠውን ስም ለፍቅሩ መስጠት ድፍረት ነው። ስም የለውም ብሎ እንደ ተራ ባልንጀርነት ማለፍም መጽሐፉን ማጉደል ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሽማግሌዎችን የሕይወት ታሪክ የሚሰበስብ ተማሪ እንዲህ ያለ ፍቅር የኖረ ሰው ቢያጋጥመው፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ስለሚቀጣ፣ የተራኪውን ስም መሰወር ግዴታው ነው። ቃሉን ግን አይሰውር፤ በራሱም ቃል አይተካው። እኛ ዛሬ የምንከራከረው ገላውዴዎስ የሰማውን ስለ ጻፈ ነው፤ ያልተጻፈ ሕይወት ተከራካሪ እንኳ የለውም።