ጥቁሩ የቱ ነው? በኢንተርኔት መደብሮች የዕቃ መግለጫ አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

በዚህ ጽሑፍ የሚሄሰው ድርሰት ደራሲው የማይታወቅ፣ ርዝመቱም ከሁለትና ከሦስት ቃላት እምብዛም የማያልፍ ነው። በኢንተርኔት መደብር ከዕቃው ፎቶ አጠገብ የሚቀመጠውን «ቀለም፦ ጥቁር»፣ «መጠን፦ ትልቅ» የሚለውን አጭር መግለጫ ማለቴ ነው። ገዢው ጨርቁን በእጁ ሳይዳስስ፣ ሻጩንም ፊት ለፊት ሳይጠይቅ ገንዘቡን የሚያወጣው ይህን አምኖ ነው። እንዲህ ያለ ኃላፊነት የተጣለበት ጽሑፍ ደግሞ እንደ ማንኛውም ድርሰት መመርመር ይገባዋል።

መከራከሪያዬ የሚከተለው ነው። የዕቃ መገለጫ በመሠረቱ ሻጭ ለገዢ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ «የትኛውን ቀለም?»፣ «ስንት ቁጥር?» እንደ ማለት። የተመለከትኳቸው የአማርኛ ካታሎጎች ግን ጥያቄውን ከተዘጋጀ የውጭ ቅጽ እንዳለ ይወስዱና ቃሉን ብቻ ይተረጉማሉ። በዚህም ምክንያት ቃሉ አማርኛ ሆኖ ሳለ ጥያቄው አማርኛ ተናጋሪ ገበያተኛ የማይጠይቀው ይሆናል። በመካከል የሚጠፋው ሸማኔው፣ ነጋዴውና ሸማቹ ዕቃን ከዕቃ የሚለዩበት የቆየ ዕውቀት ነው።

2. መገለጫ፣ እሴት፣ አማራጭ

የሙያው ሰዎች «አትሪቢዩት» እና «ቫሪያንት» የሚሏቸውን በዚህ ጽሑፍ «መገለጫ» እና «አማራጭ» እላቸዋለሁ። ሁለተኛውን «ዝርያ» ማለት ይቻል ነበር፤ ሆኖም ቃሉ የዘርና የትውልድ ትርጉም ስለሚከተለው ለጫማና ለነጠላ አይስማማም። «ልዩነት»ም አለመግባባትን ያስታውሳል። «አማራጭ» ቢያንስ የገዢውን ድርጊት ይናገራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። «የጥለት ቀለም» መገለጫ ነው፤ «ቀይ»፣ «አረንጓዴ»፣ «ጥቁር» እሴቶቹ ናቸው። አማራጭ የሚባለው የእሴቶች ጥምር ሲሆን፣ እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ መለያ ኮድ፣ የራሱ ዋጋና የራሱ የክምችት ቁጥር ሊኖረው ይችላል። አንድ ነጠላ 2 ዓይነት መደብ፣ 5 ዓይነት ጥለትና 3 ዓይነት ልክ ቢኖረው አማራጮቹ 30 ይሆናሉ። በዚህ ላይ በእጅ የተፈተለና የፋብሪካ ክር የሚል አራተኛ መገለጫ ቢጨመር ቁጥሩ 60 ይደርሳል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሊፈጥራቸው ይችላል፤ ሸማኔው ግን ግማሾቹን ሠርቷቸው አያውቅም።

መሣሪያዎቹ ራሳቸው ምርጫን ያስገድዳሉ። ሾፒፋይ ለረጅም ጊዜ ለአንድ ዕቃ ከ3 በላይ የምርጫ መገለጫ፣ ከ100 በላይ አማራጭ አይፈቅድም ነበር። ዉኮሜርስ በበኩሉ ለመላው መደብር የጋራ የሆነ መገለጫንና ለአንድ ዕቃ ብቻ የተሠራ መገለጫን ይለያል፤ ከመገለጫዎቹም የትኞቹ አማራጭ እንደሚፈጥሩ ሻጩ በምልክት እንዲያመለክት ይጠይቃል። «ስለዚህ ዕቃ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስቱ ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?» የሚለውን መወሰን የቴክኒክ ሥራ ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቋንቋ ሥራ ነው።

3. የነጠላው ጉዳይ

ወደዚህ ርእስ ያመጣኝ የቤተሰብ ሐዘን ነው። በአሜሪካ የሚኖሩት አክስቴ ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ ከአንድ የባህል ልብስ መደብር በኢንተርኔት ነጠላ አዘዙ። በቤተሰባችን ለሐዘን የሚለበሰው መደቡ ነጭ፣ ጥለቱ ቀጭን ጥቁር የሆነ ነጠላ ነው፤ ጥለቱም ወደ ላይ ተደርጎ በትከሻ በኩል ይደረባል። በገጹ ላይ «ቀለም» የሚል አንድ መገለጫ ብቻ ስለነበረ «ጥቁር»ን መረጡ። ነጠላው የደረሰው በሰልስቱ ዋዜማ ነው። መደቡ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር፣ ጥለቱ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ወርቅማ ነበር፤ ለሠርግ የሚያምር፣ ለለቅሶ የማይሆን።

ስልክ ሲደውሉልኝ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል፤ «ልጄ፣ እኔ እኮ ጥቁር ያልኩት ጥለቱን ነው።» መደብሩ በበኩሉ የሰጠው መልስ ጨዋ ነበር፤ ያዘዙት ጥቁር ነው፣ የተላከልዎም ጥቁር ነው። እንደ መዝገቡ ከሄድን መደብሩ አልተሳሳተም። አክስቴም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው በሁለቱ መካከል የቆመው ቃል ነው፤ «ቀለም» የምን ቀለም እንደሆነ አይናገርምና። አክስቴ ሰልስቱን ከጎረቤት በተዋሱት ነጠላ ዋሉ።

ያንን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ አይደለሁም። ነገር ግን የመገለጫዎቹን ስም ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ያንኑ «ቀለም» ጽፌ፣ በትርጉሙም ትክክለኛነት ረክቼ እሄድ ነበር። ስለዚህ ሂሱ እንደ እኔ ያሉትን የቋንቋ ባለሙያዎችም ይመለከታል።

4. «ባለ» የሚሠራው ሥራ

አማርኛ ለዚህ ችግር የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። በሽሮ ሜዳ ነጠላ የምትገዛ ሴት «ጥቁር ነጠላ» እና «ባለ ጥቁር ጥለት ነጠላ» ስትል ሁለት የተለያዩ ልብሶችን ትጠራለች። «ባለ» ባሕርዩን የሚሸከመውን የዕቃውን ክፍል ለይቶ ያስቀምጣል። «ባለ አራት ድርብ»፣ «ባለ ሰፊ ጥለት»፣ «ባለ ኮሌታ»፣ «ባለ ሁለት ኪስ» ስንል ክፍሉም መጠኑም በአንድ ሐረግ ይገለጻሉ።

ቅጹ ይህን ሐረግ ለሁለት ይሰብረዋል። መገለጫው በግራ፣ እሴቱ በቀኝ ይቆማል፤ «ባለ» ቦታ ያጣል፤ ከእርሱም ጋር ክፍሉ ይጠፋል። ሶፍትዌሩ የአማራጩን ስም ሲገጣጥም ደግሞ «ነጠላ - ጥቁር - ትልቅ» ይላል። በአማርኛ ገላጭ ከተገላጩ ይቀድማል፤ እዚህ ግን ዕቃው ቀድሞ ገላጮቹ ያለ ማያያዣ ይከተሉታል። አንባቢ ይህን በልማድ ይረዳዋል፤ ይሁን እንጂ ትልቅ የሆነው ልብሱ ይሁን ጥለቱ ሊያውቅ አይችልም።

የጎረቤት ቋንቋዎች ንጽጽር ነገሩን ያጎላዋል። በትግርኛ ቅጽል በጾታ ስለሚስማማ «ጸሊም» እና «ጸላም» የሚሉ ሁለት ቅርጾች አሉ፤ አንድ የጋራ እሴት ለሁሉም ዕቃ አይበቃም። በስዋሂሊ ደግሞ ቅጽሉ ከስሙ ምድብ ጋር ይስማማል፤ ጨርቅ ሲሆን «ኪታምባ ቼኩንዱ»፣ ልብስ ሲሆን «ንጉኦ ኜኩንዱ» ይባላል። የስዋሂሊ መደብር «ራንጊ፦ ኜኩንዱ» ብሎ ሲጽፍ ቅጽሉ የሚስማማው ከዕቃው ጋር ሳይሆን «ቀለም» ከሚለው ቃል ጋር ነው፤ ስለዚህ መገለጫና እሴት ተለያይተውም ሰዋስዉ አይፈርስም። የአማርኛ ቅጽል ግን በጾታ እምብዛም ስለማይለወጥ «ጥቁር» ከማንኛውም ዕቃ ጎን ያለ ችግር ይቆማል። ይህ ምቾት ነው አዘናጊው። ሰዋስዋዊ ስሕተት ስለማይታይ የትርጉም ክፍተቱም አይታይም።

5. አንድ ቃል ለብዙ ዕቃ

ሁለተኛው ጉድለት አንዱን መገለጫ ለመላው መደብር የጋራ ማድረግ ነው። «መጠን» የሚለውን እንውሰድ። ጫማ የሚሸጥ ሰው «ስንት ቁጥር ነው?» ይላል፤ ሱሪ የሚሸጥ «ልክህ ስንት ነው?» ይላል፤ ጤፍ የሚሸጥ «ስንት ኪሎ?» ይላል። ለጋቢ ደግሞ ከወርዱና ከቁመቱ ሌላ ድርቡ ይጠየቃል። ቁጥር፣ ልክ፣ ክብደትና ድርብ አራት ጥያቄዎች ናቸው። ካታሎጉ ሁሉንም «መጠን» በሚል አንድ ከረጢት ሲከታቸው «42»፣ «ትልቅ» እና «25 ኪሎ» በአንድ የማጣሪያ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ።

«ቀይ»ም እንዲሁ ነው። ቀይ ጥለት፣ ቀይ ጤፍ እና ቀይ ሰው ሦስት የተለያዩ ቀለማት ናቸው። ቀይ ጤፍ ለዓይን ቡናማ ነው፤ «ቀይ» የምንለው ሰውም ከጠይሙ ፈካ ያለ ገጽታ ያለው እንጂ የጥለቱ መልክ ያለው አይደለም። የፊት ዱቄትና ነጠላ አብሮ የሚሸጥ መደብር አንድ የጋራ «ቀይ» ካስቀመጠ ማጣሪያው ሁለቱን አንድ ላይ ያወጣቸዋል። በሌላ በኩል ጤፍን በ«ቀለም» ብቻ የመደበ ካታሎግ ማኛን ከተራው ነጭ አይለየውም፤ ማኛ የነጭነት ብቻ ሳይሆን የደረጃ ስም ነውና። ሰርገኛ ደግሞ የነጭና የቀይ ድብልቅ በመሆኑ ከሁለቱ በአንዱ ሥር አይገባም። ገበያው ለጤፍ የሚጠይቀው «ምን ቀለም?» ብሎ ሳይሆን «ምን ጤፍ?» ብሎ ነው።

6. የሚለወጥ እሴት

ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ቅቤ ነው። ቅቤ በገበያ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል ተብሎ ይለያል፤ ዋጋቸውም ይለያያል። ይህ ማንም ሶፍትዌር ሳያስተምረን የኖረ፣ ሙሉ የሆነ የአማራጭ ሥርዓት ነው። ሆኖም ከቅጹ ጋር የማይታረቅበት አንድ ጠባይ አለው፤ እሴቱ ይለወጣል። ቀይ ጫማ ዓመት ቢቀመጥ ቀይ ጫማ ነው። ለጋ ቅቤ ግን መጋዘን ውስጥ ሲሰነብት፣ መዝገቡን ማንም ሳይነካው፣ ለጋ መሆኑን ያቆማል። ካታሎጉ «ለጋ» እያለ ገዢው የሚቀበለው ሌላ ይሆናል። ሻጩ ሊያታልል አስቦ አይደለም፤ መግለጫውን የሚያድሰው ሰው ስለሌለ ነው። እዚህ ላይ መገለጫው የተናጠበትን ቀን መጠየቅ ነበረበት፤ ለጋነቱ ከቀኑ ይታወቃልና።

7. ሆሄና ቅደም ተከተል

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ መፍትሔውም በእጅ ያለ ነው። ለኮምፒዩተር «ሐረር» እና «ሀረር» ሁለት የተለያዩ እሴቶች ናቸው፤ «ጸጉር» እና «ፀጉር»ም እንዲሁ። የሐረር ቡና በሁለት ሆሄ ከተመዘገበ አንዱን የመረጠ ገዢ ግማሹን ክምችት አያይም። የፊደል ክርክራችንን እዚህ መጨረስ አይጠበቅብንም፤ መደብሩ አንዱን መርጦ ቢጸና፣ ፍለጋውም ሁለቱን አንድ አድርጎ ቢያይ ይበቃል።

ቅደም ተከተልም ይፈተሽ። እሴቶች በሀሁ ተራ ሲደረደሩ «መካከለኛ፣ ትልቅ፣ ትንሽ» ይሆናሉ፤ ይህ የማንም ሰው ተራ አይደለም። «ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል» ግን በሀሁም በዕድሜም ተራቸው አንድ ነው። በአጋጣሚ የተገኘ ደስታ ነውና በእርሱ መተማመን አይገባም፤ ተራውን በእጅ መስጠት ያስፈልጋል።

8. ተቃውሞና ሐሳብ

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ ወጥ መገለጫ ከሌለ ማጣሪያ አይሠራም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነጋዴው «ምርጥ ነጠላ» ብቻ ብሎ ከሚጽፍ ይልቅ ቅጹ ቁርጥ ያለ መልስ እንዲሰጥ ማስገደዱ ለገዢው ጥቅም አለው። ይህን ተግሣጽ አልንቅም። የምጠይቀው ወጥነቱ በአንድ የዕቃ ወገን ውስጥ እንዲሆን ነው፤ ለነጠላዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ለጫማዎች ሁሉ ሌላ። ሁለተኛው፣ ወጣቱ ገዢ «ሳይዝ» እና «ከለር» ማለት ለምዷል የሚል ነው። ቃሉን ቢለምድም ችግሩ አይፈታም። «ከለር፦ ጥቁር» ተብሎ ቢጻፍም የአክስቴ ነጠላ ያው ይመጣ ነበር።

ስለዚህ አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መገለጫዎችን ከመተርጎም በፊት ዕቃው በገበያ ሲሸጥ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ጆሮ ሰጥቶ መጻፍ። ሁለተኛ፣ ክፍሉን ከነስሙ መጥራት፤ «ቀለም» በማለት ፈንታ «የመደብ ቀለም» እና «የጥለት ቀለም» ማለት፣ በዕቃው ስም ላይም «ባለ»ን መመለስ። ሦስተኛ፣ ዋጋ የሚለውጠውን ወይም ገዢው የግድ ሊመርጠው የሚገባውን ብቻ አማራጭ ማድረግ፣ የቀረውን በመግለጫ መተው፣ ያልተሠሩ ጥምሮችንም ከገጹ ማስወገድ። አራተኛ፣ የጋራ መገለጫን ትርጉሙ በእርግጥ የጋራ ለሆነ ነገር ብቻ ማዋል።

ይህን ሥራ ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን አይወጣውም፤ ተርጓሚውም ብቻውን አይበቃም። ሸማኔው ከጠረጴዛው ዙሪያ ሊቀመጥ ይገባል። ነጠላን ከነጠላ የሚለየውን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እስከ ዛሬ ግን ቅጹ ሲዘጋጅ የጠየቀው አላየሁም። ጥያቄው ረጅም አይደለም፤ «ጥቁር ሲሉዎት፣ የቱን ነው የሚያነሡላቸው?» ማለት ብቻ ነው።